ምስክር ያጣ መጽሐፍ

(መጻሕፍትን መርምሮ መጻፍ ለደራሲና ለአንባቢ ስላለው ጥቅም)

አንድ መጽሐፍ ታትሞ ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ ሥራው ሁሉ የተፈጸመ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ደራሲው ደክሞ ጽፏል፤ ማተሚያ ቤቱ አትሟል፤ ባለሱቁም ከመደርደሪያው ላይ አኑሮታል፤ ታዲያ ምን ቀረ ይባላል። የቀረው ግን ትልቁ ጉዳይ ነው። ይህን መጽሐፍ ማን ያነብበዋል? በውስጡ ያለውን መልካም ነገርና ጉድለትስ ላላነበበው ሰው ማን ይነግረዋል?

በፍርድ ሸንጎ እውነት ያለው ሰው ምስክር ካጣ እውነቱ በልቡ ውስጥ ታምቆ እንደሚቀር ሁሉ፣ መጽሐፍም ምስክር ካላገኘ የያዘው ቁም ነገር ከመደርደሪያው አቧራ ጋራ ይቀራል። ለመጽሐፍ ምስክር የሚሆነው ሰው አንብቦና መርምሮ ያገኘውን በጽሑፍ የሚገልጸው ሐያሲ ነው። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን የዚህ ምስክርነት ጥቅም ምን እንደ ሆነ፣ እንዴትስ ሊሰጥ እንደሚገባው ለማመልከት እንሞክራለን። በተለይም በሥራቸው ምክንያት አማርኛን በመማር ላይ ያሉ ባለሥልጣኖችና የመንግሥት ሠራተኞች ከዚህ ነገር ልዩ ጥቅም ሊያገኙ ይችላሉ ብለን እናምናለን።

የቃሉ ፍች

«ሒስ» የሚለው ቃል «ሔሰ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የመጣ ነው፤ ፍችውም ነቀፈ ማለት ነው። ከቃሉ ሥር የተነሣ ብዙ ሰው ሒስ ማለት ነቀፌታ ብቻ ይመስለዋል። ከዚህም ሌላ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየስብሰባው «ሒስና ግለ ሒስ» የሚባል ልማድ ስለ ነበረ፣ በዚያ ዘመን የኖሩ ሰዎች ቃሉን ሲሰሙ ጥቂት ይደነግጣሉ። በድርሰት ዓለም ግን ሒስ ማለት መዝኖ መናገር ነው። የሚዛን ባለቤት የጐደለውን ብቻ አይናገርም፤ የሞላውንም ይናገራል። «ትችት»ና «ግምገማ» የተባሉትም ቃላት ለዚሁ ሥራ ያገለግላሉ። ግምገማ የሚለውን የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው የመጽሐፍ ግምገማ ሲባል ነገሩ አያስቸግረውም።

ከቅኔ ቤት እስከ ማተሚያ ቤት

ይህ ነገር ከውጭ አገር ብቻ የመጣ ትምህርት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ወደ ቅኔ ቤት ሄዶ ይመልከት። ተማሪው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል። የቈጠረውንም ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርብና ይነግራል። መምህሩ ቅኔውን እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ ቃሉ ከአገባቡ፣ ሰሙም ከወርቁ መስማማቱን ይመረምራል፤ የተጣመመውን ያቃናል፤ የደከመውንም ያፈርሳል። ተማሪውም የፈረሰበትን ቅኔ ተሸክሞ ወደ ጥላው ይመለሳል፤ በማግሥቱ የተሻለውን ይዞ ይመጣል። በማኅሌት ላይ መልካም ቅኔ በቀረበ ጊዜ ደግሞ ሊቃውንቱ «ይበል» እያሉ ደስታቸውን ይገልጻሉ። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሁለት ቤት ቅኔ ይህን ያህል ከተመረመረ፣ ብዙ ገጽ ያለው መጽሐፍ ሳይመረመር ማለፍ የለበትም።

የአማርኛ መጽሐፍ በማተሚያ መውጣት ከጀመረ በኋላም ይህ ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፉን በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ አሳተመ። ዛሬ የፈጠራ ታሪክን ሁሉ ልብ ወለድ ብለን የምንጠራው ከዚህ መጽሐፍ ስም ወስደን ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት የሚዘረዝር ካታሎግ አሳትመዋል። ካታሎግ መጽሐፉ መኖሩን ይነግረናል፤ በውስጡ ምን እንዳለና ምን ያህል እንደሚታመን ለመናገር ግን ሌላ ሥራ ያስፈልጋል።

ይህን ሁለተኛውን ሥራ በአማርኛ ከሠሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። አፈወርቅ ስለ ዳግማዊ አጤ ምኒልክ የጻፈው የታሪክ መጽሐፍ በ1901 ዓ.ም. በሮማ ታትሞ ነበር። ገብረ ሕይወት ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1912 በአስመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ ይህን የታሪክ አጻጻፍ መረመረ። ታሪክ ለሚጽፍ ሰው የሚያስፈልጉትን ሦስት ነገሮች አስቀደመ፤ እነዚህም የተደረገውን የሚያስተውል ልቡና፣ ለማንም ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ያስተዋለውንና የፈረደውንም ለሌላው የሚያስረዳበት የጠራ የቋንቋ አገባብ ናቸው። ከዚህ በኋላ የአፈወርቅን መጽሐፍ በዚህ ሚዛን ለካው፤ ለአጤ ምኒልክ ማድላቱን፣ አጤ ዮሐንስንም ያለ አግባብ መንቀፉን ገለጸ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ገብረ ሕይወት ከመፍረዱ በፊት የሚፈርድበትን ሚዛን ለአንባቢው አሳይቷል። ስለዚህ አንባቢው ፍርዱን ባይቀበል እንኳ በምን እንደ ተፈረደ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ነቀፌታው መጽሐፉን አልገደለውም። የአፈወርቅ መጽሐፍ ስለ አማርኛው ውበት ዛሬም ይነበባል፤ የገብረ ሕይወትም ጽሑፍ ስለ ፍርዱ ጥራት ይነበባል። ሁለቱን ጐን ለጐን የሚያነብ ሰው አንዱን ብቻ ከሚያነብ ሰው የበለጠ ያውቃል።

ደራሲው ምን ይጠቀማል

አብዛኛው የአማርኛ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው ከራሱ ኪስ አውጥቶ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ነው። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ በየመጽሐፍ መደብሩ እየዞረ ያስቀምጣል፤ ለመጽሐፍ አዟሪዎችም ያከፋፍላል። ስለ መጽሐፉ በጋዜጣ አንድ ቃል ካልተጻፈ በስተቀር ከዘመዱና ከጓደኞቹ ውጭ ያለው ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም። ስለዚህ የሒስ የመጀመሪያ ጥቅም መጽሐፉ መኖሩን ማስታወቅ ነው። ጐደሎውን የሚናገር ሒስ እንኳ ፈጽሞ ከመረሳት ይሻላል።

ሁለተኛው ጥቅም ከዚህ ይበልጣል። ደራሲ የገዛ ጽሑፉን ብዙ ጊዜ ከማንበቡ የተነሣ ስሕተቱን ማየት ይሳነዋል። በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ነገር በልቡ ስላለ የሰፈረ ይመስለዋል። አንባቢ ግን የሚያየው የተጻፈውን ብቻ ነው። «ይህ ሰው በሦስተኛው ምዕራፍ ለምን እንደ ተቈጣ አልገባኝም» የሚለው የአንድ ሐያሲ ቃል ለደራሲው ከመቶ ምስጋና ይበልጥበታል፤ በሁለተኛው እትም ወይም በሚቀጥለው መጽሐፍ ያርመዋልና።

ዛሬ በከተማችን መጽሐፍ ሲወጣ ምረቃ ማድረግ የተለመደ ሆኗል። ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ከመጽሐፉ ጥቂት ይነበባል፤ ተናጋሪዎችም እየተነሡ ያመሰግናሉ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ሥርዓት ነው፤ የደከመ ሰው ድካሙ ሊታወቅለት ይገባል። ነገር ግን የምረቃ ንግግር ምስክርነት አይደለም። በሠርግ ቀን የሙሽራይቱን ጉድለት የሚናገር እንደሌለ ሁሉ፣ በምረቃ ቀንም የመጽሐፉን ጉድለት የሚያነሣ የለም። ጥፋቱ የሚመጣው የምረቃው ንግግር እንዳለ ወደ ጋዜጣ ተገልብጦ ሒስ ነው የተባለ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ አንባቢው አምኖ ይገዛል፤ አንብቦ ያዝናል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ እውነተኛውን ምስጋና እንኳ አያምንም።

የራሳችን ስሕተት

ስለ ሌሎች ስንናገር የራሳችንን መደበቅ ስለማይገባን አንድ ታሪክ እንነግራለን። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ደራሲ የመጀመሪያ መጽሐፉን ለዝግጅት ክፍላችን አመጣልን። መጽሐፉ ከገጠር ወደ ከተማ ስለ መጣች አንዲት ልጅ የሚተርክ ልብ ወለድ ነበር። ጋዜጣው የሚታተምበት ቀን ደርሶብን ስለ ነበረ መጽሐፉን እስከ እኩሌታው አነበብንና ቀሪውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገን ሒሱን ጻፍን። በጻፍነውም ውስጥ አማርኛው አንዳንድ ቦታ እንደሚንዛዛ ገለጽን፤ ይህስ እውነት ነበር። ከዚያ በላይ ግን ደራሲው የልጅቱን እናት ታሪክ ጀምሮ ረስቶታል ብለን ትንሽ ቀለድንበት።

በሳምንቱ ደራሲው መጽሐፉን ይዞ መጣ። እጅ ነሥቶ ከተቀመጠ በኋላ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «የመጨረሻውን ምዕራፍ አንብባችሁታል ወይ?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አጣን። መጽሐፉን ገልጦ አሳየን፤ የእናትየው ነገር በመጨረሻው ምዕራፍ ተመልሶ መጥቷል፤ የታሪኩም ሁሉ ቋጠሮ የሚፈታው በዚያ ነበር። «ስለ አማርኛዬ የጻፋችሁትን ተቀብዬ እያረምሁ ነው። ስለ እናትየው የጻፋችሁትን ግን ምን አድርጌ ልቀበለው?» አለን።

ይቅርታ ጠየቅን፤ በሚቀጥለውም ዕትም ማረሚያ አወጣን። ማረሚያው ግን ከገጹ ግርጌ ሦስት መሥመር ነበር፤ ቀልዳችን ደግሞ ከገጹ ራስ ላይ ሁለት ዓምድ ሞልቶ ነበር። ቀልዱን ያነበበ ሁሉ ማረሚያውን አላነበበም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰው ስም የታተመ ሌላ መጽሐፍ አላየንም። ምክንያቱ እኛ ብቻ ነን ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን በዚያ ቀን የለጠፍንበት ጐደሎነት የመጽሐፉ ሳይሆን የንባባችን ጐደሎነት ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የመጨረሻውን ገጽ ሳያነብ ስለ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው በክፍላችን እንዳይኖር ወሰንን። የሰሚ ሰሚ በሸንጎ ምስክር እንደማይሆን ሁሉ፣ እኩሌታውን ያነበበም ሰው በመጽሐፍ ላይ ምስክር ሊሆን አይገባውም።

አንባቢው ምን ይጠቀማል

አንባቢ በመጽሐፍ ላይ ሁለት ነገር ያወጣል፤ ገንዘቡንና ጊዜውን። ገንዘብ ቢጠፋ ሊመለስ ይችላል፤ ያለ ጥቅም ያለፈ ምሽት ግን አይመለስም። ለልጆቿ መጽሐፍ የምትመርጥ እናትም ብትሆን፣ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ የሚተርፈው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም ቢሆን፣ ከመግዛቱ በፊት የሚመክረው ሰው ያስፈልገዋል። መልካም ሒስ ይህን ምክር የሚሰጥ ወዳጅ ነው።

አማርኛን ለሚማር ሰው ይህ ምክር የበለጠ ያስፈልገዋል። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ ሁለት የታወቁ መጻሕፍትን ምሳሌ እናድርግ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በገጹ ብዛት ገና ለጀማሪ ያስፈራል። ነገር ግን አንድ ሐያሲ ታሪኩ በጎጃም የሚፈጸም መሆኑን፣ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር አንባቢውን እየሳበ እንደሚወስደው፣ በጉዱ ካሣ አንደበትም የጥንቱ ሥርዓት እንደሚመረመር ቢነግረው ድፍረት ያገኛል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ እንደ ተረከው ቢጨምርለት ደግሞ ጆሮውን ከዓይኑ ጋራ ሊያስተምር ይችላል። የርስትና የጉልት፣ የማዕረግና የቤተ ክህነት ቃላት እንደሚበዙበት ቢያስጠነቅቀውም መዝገበ ቃላቱን ከጐኑ አድርጎ ይጀምራል። ደራሲው ራሳቸው አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው የሠሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ መጽሐፉ ለባለሥልጣን አንባቢ ሌላ ትምህርት አለው።

በአንጻሩ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» እንመልከት። ይህ መጽሐፍ በአጻጻፉ አዲስ መንገድ የተከተለ ነው። የአካባቢው አነጋገር እንዳለ ይገባበታል፤ አሳቡም እየተቈረጠና እየተቀጠለ ይሄዳል። በወጣበት ጊዜ አስቸገረን ያሉ አንባቢዎች ብዙ ነበሩ። በኋላ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ መምህራንና ተማሪዎች ደጋግመው መርምረውት የክብር ቦታውን አግኝቷል። አማርኛን በመማር ላይ ያለ ሰው ያለ መካሪ ከዚህ መጽሐፍ ቢጀምር ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጎ «ይህ ቋንቋ ለኔ አይሆንም» ብሎ ሊተወው ይችላል። ሐያሲው ግን «ይህን መጽሐፍ ሌሎቹን ካነበብህ በኋላ አንብበው፤ በዝግታ ብታነብበው ዋጋህን ታገኛለህ» ይለዋል። እንዲህ ያለ ምክር ለአንዱ መጽሐፍ አንባቢ ያተርፍለታል፤ ለአንዱም አንባቢ ቋንቋውን ያተርፍለታል።

መከልከልና መመርመር

ባለሥልጣን ስለ መጽሐፍ ሲያስብ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባዋል። በአገራችን እስከ 1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ድረስ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር ያልፍ ነበር። ሳንሱር አድራጊና ሐያሲ ሁለቱም መጽሐፍ ያነብባሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ በተዘጋ ክፍል ያነብባል፤ ምክንያቱን ለአንባቢ አይናገርም፤ ቃሉም አይመለስም። ሌላው በአደባባይ ያነብባል፤ ምክንያቱን ይጽፋል፤ ከተሳሳተም እንደኛ ይታረማል።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ በኋላ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። መጽሐፉ ተሳስቷል የሚል ቢኖር ኖሮ ስሕተቱን በጽሑፍ ማሳየት ይቻል ነበር። አንባቢውም ሁለቱን አይቶ ይፈርድ ነበር። ይህ ስላልሆነ መጽሐፉ በስውር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ፤ አገሪቱም አንድ ታላቅ ደራሲ አጣች። የሒስ ገበታ በሰፋበት አገር ከመጽሐፍ ጋራ የሚከራከር ሁሉ ብዕር ያነሣል።

መልካም ሒስ ምን ምን ይይዛል

ከዚህ በላይ የተናገርነውን በአጭሩ ስንሰበስበው፣ ስለ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ነገሮች ቢጠብቅ አይሳሳትም።

አንደኛ፣ መጽሐፉን ከሽፋን እስከ ሽፋን ያንብብ። ሁለተኛ፣ ደራሲው ሊሠራ ያሰበው ምን እንደ ሆነ በቅንነት ይግለጽ፤ ዝናብን አልዘፈነም ተብሎ ዘፋኝ እንደማይወቀስ፣ ደራሲም ባላሰበው ነገር አይወቀስምና። ሦስተኛ፣ ያመሰገነውንም የነቀፈውንም ከመጽሐፉ ውስጥ በማስረጃ ያሳይ። «ድንቅ መጽሐፍ ነው» ማለት ለአንባቢው ምንም አይነግረውም፤ ምኑ ድንቅ እንደ ሆነ ይንገረው። አራተኛ፣ የታሪኩን መጨረሻ ገልጦ የአንባቢውን ደስታ አይስረቅ። አምስተኛ፣ መጽሐፉን እንጂ ሰውየውን አይመርምር። ደራሲው ወዳጁ ወይም ባላጋራው ከሆነ ብዕሩን ለሌላ ሰው ይስጥ፤ ዳኛ እንኳ በዘመዱ ጉዳይ ከወንበሩ ይነሣልና።

አማርኛን የምትማሩ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ይህ ሥራ ለእናንተም መልካም ልምምድ ነው። አንድ አጭር መጽሐፍ በጨረሳችሁ ቁጥር በገዛ ቃላችሁ ግማሽ ገጽ ያህል ጻፉ፤ መጽሐፉ ስለ ምን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ወደዳችሁ፣ ምን እንዳስቸገራችሁ፣ ለማንስ እንደሚጠቅም ግለጹ። ከዚያም አማርኛ ለሚያውቅ የሥራ ባልደረባችሁ አሳዩትና ያርምላችሁ። የሌላውን ሰው አሳብ ሳያዛቡ ማሳጠር፣ ፍርድንም በማስረጃ መደገፍ ለሒስ ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም፤ በየቀኑ ለምትጽፉት ሪፖርትና ለምትመረምሩት መዝገብም ያስፈልጋል። መዝገቡን ሳያነብ የሚፈርም ሹምና መጽሐፉን ሳያነብ የሚፈርድ ሐያሲ ጥፋታቸው አንድ ነው።

ያ ወጣት ያመጣልን መጽሐፍ ዛሬም በዝግጅት ክፍላችን መደርደሪያ ላይ አለ። አዲስ ሠራተኛ ወደ ክፍላችን በመጣ ጊዜ ይህንኑ መጽሐፍ እንሰጠውና አንብቦ እንዲጽፍበት እናደርጋለን፤ መጀመሪያ የምንጠይቀውም ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ነው።